በዘራችን የለም

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የልጄን አንገት አይቶ «ጆሮ ደግፍ ነው?» ሳይለኝ የወረድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። መጀመሪያ ሰሞን ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። ሐኪሞቹ ያሉኝን፣ ያላሉኝን፣ የታዘዘላትን መድኃኒት ሁሉ እዘረዝራለሁ። ከአዲስ አበባ ሰበታ የሚመጣው መንገድ ደግሞ ሲዘጋጋ ብዙ ያስወራል። በኋላ ግን ሰለቸኝና «አይ፣ ከረሜላ ደብቃ ነው» ማለት ጀመርኩ። አንዷ እናት የራሷን ልጅ ወደ መስኮቱ አስጠግታ «ይተላለፋል እኮ!» ብላ ስትቆጣኝ፣ «አትስጊ፣ ላንቺ አይደርስሽም» አልኳት። ሴትየዋ እንኳ አልተሳሳተችም። ይተላለፋል። የሚተላለፈው ግን በታክሲ ወንበር አይደለም።

እኔ ሰበታ ዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሥራው አመል አስይዞኛል፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን አንገቱንና ትከሻውን ነው። ስም እረሳለሁ፣ ኮሌታ ግን አልረሳም። ልጄ ኬጂ ልትገባ ስትል ዩኒፎርሟን ክረምቱ ላይ ራሴ ሰፋሁላት። ልጅ ያድጋል ብዬ ኮሌታውን ሰፋ አድርጌ ነው የቆረጥኩት። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን የላይኛው ቁልፍ አልገጥም አለኝ። የሰፊ ነገር፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጨርቁን ነው። ነጋዴው ውሃ ሲነካው የሚሰበሰብ ጨርቅ ሸጦልኛል ብዬ መርካቶ ድረስ ሄጄ ልጣላው ሁሉ አስቤ ነበር። ቁልፉን በግድ ላስገባ ስታገል ነው ከመንጋጋዋ በታች፣ በግራም በቀኝም፣ የተደረደሩ እብጠቶች ጣቴ ላይ የመጡት።

«ያምሻል?» አልኳት።

«አያምም፣ ይኮረኩረኛል» ብላ ሳቀች።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ቶንሲል ነው ተባለና ሽሮፕ ተሰጣት። ሽሮፑ አለቀ፣ እብጠቱ ግን አለ። የግል ክሊኒክ ሄድን፤ ሌላ ሽሮፕ። ከዚያ የእጢ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተባለና ለወራት የሚዋጥ መድኃኒት ተጀመረላት። ሽንቷ ብርቱካንማ ሆነ። እሷ እቴ፣ ለሰፈሩ ልጆች «የእኔ ሽንት ጁስ ነው» እያለች ትኮራበት ነበር። እኔ በየጠዋቱ ክኒን አድቅቄ በማር እየለወስኩ፣ በየቀኑም በጣቴ አንገቷን እየዳበስኩ ከረምኩ። መድኃኒቱ ሲያልቅ እብጠቱ እንደነበረ ነው፤ እንዲያውም ብብቷ ሥር ሌላ ወጥቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ አማቴ ከሱሉልታ ይመጡ ነበር። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ላሞቻቸውን እያለቡ ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ይመጡና የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አንገቷን በቀስታ ያሹላታል። «ኢንተላኮ፣ ልጄ» ይሏታል በኦሮምኛ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ሐኪም ቤት አታመላልሻት፤ ስታድግ ይጠፋል» ይላሉ። ይህን የሚሉት እንደ ማጽናኛ አልነበረም። ዝናቡ ከሰዓት ይመጣል እንደሚል ሰው ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። እኔን ያናድደኝ የነበረውም እርጋታቸው ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሆዷ መነፋት ጀመረ። የቀሚሷን ወገብ ሦስቴ ፈትቼ ሰፋሁ። ከዚያ ነስር መጣ፤ ትራሷ በደም ርሶ ይገኛል። ማንም ሳይነካት እግሯ ላይ ሰማያዊ ሰንበር ይወጣል። አስተማሪዋ ጠርታኝ ቤት ውስጥ ማን እንደሚመታት በዘዴ ስትጠይቀኝ፣ ንዴቴን ውጬ ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ጣፊያዋ ከመጠን በላይ አድጓል፣ ደም የሚያረጋው ነገርም ወርዷል አሉኝ። ከአንገቷ እጢ ቆርጠው መረመሩ። ካንሰር አይደለም፣ ግን ጤነኛም አይደለም ተባለ። የተሰጣት መድኃኒት ደሟን ከፍ አደረገውና ፊቷን እንደ ዳቦ ነፋው። ጎረቤቶቼ «እሰይ፣ ተመቻት!» አሉኝ። መድኃኒቱ ሲቀነስ ደሟ ተመልሶ ወረደ። በዚህ ሁኔታ ሁለቴ ሦስቴ ከተመላለስን በኋላ፣ ቀዶ ሐኪሞቹ ጣፊያው ይውጣ ብለው ቀጠሮ ሰጡን።

ልጄን የምትከታተላት የደም ሐኪም ግን ደስ አላላትም። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ስትናገር ወደ እሷ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። እኔንና ባለቤቴን አስቀምጣ በሩን ዘጋች።

«እናት» አለችኝ፣ «የምጠረጥረው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የማናየው በሽታ ነው። ጀርም ሲገባብን የሚዋጉልን ነጭ የደም ሴሎች ይራባሉ፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ይሞታሉ። አንዳንድ ልጆች ላይ ግን አይሞቱም። እጢና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሲብስም ዞረው የራሱን የልጁን ደም ያጠቃሉ።»

ሰርጉ አልቆ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ አንሄድም ያሉ እንግዶች ታዩኝ። ያልገባኝ ነገር እንደዚያ ሲሆንልኝ ነው የሚገባኝ።

«ካልሞቱ ታዲያ ጣፊያውን ማውጣት አይሻልም?» አልኳት።

«ይህ በሽታ ከሆነ አይሻልም። ደሟ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ጣፊያ የሌለው ልጅ ደግሞ ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይመለስም፤ ይህ በሽታ ያለባቸው ላይ ያ አደጋ ይብሳል። ማረጋገጫው ምርመራ እዚህ የለም፤ ናሙናው ውጭ ሄዶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ቀዶ ሐኪሞቹ ደግሞ በጥርጣሬዬ ብቻ ቀጠሮ አይሰርዙም። በሽታው ግን ከወላጅ የሚወረስ ነው። በቤተሰባችሁ በልጅነቱ እንዲህ አብጦ የነበረ ሰው ካለና እሱን ካየሁት፣ ማስቆም እችላለሁ።» ከዚያ ሁለታችንንም አየችን። «በእናት በኩል? በአባት በኩል?»

ሐኪሟ አፏን ሳትዘጋ ባለቤቴ መለሰ። «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። በእኛ አካባቢ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ዘር ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «በዘራችሁ ደዌ የለም ወይ?» ይላል። መልሱ አንድ ነው፤ ሌላ መልስ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው አልሰማሁም። የባለቤቴ ሽማግሌዎች ቡራዩ አባቴ ቤት የመጡ ዕለት፣ አባቴም ጋቢውን አስተካክሎ «በዘራችን የለም» ብሏል። የሚጥል በሽታ ያለባት አክስቴ ያን ቀን ከጠዋት ጀምራ ጎረቤት ተልካ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ተቀምጣ ስትውል ምሳ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ባለቤቴ አልዋሸም። እንደኛ ሰው ሁሉ፣ ስለ ዘሩ ሲጠየቅ አፉ ከሐሳቡ ቀድሞ ነው የመለሰው።

በእኔ በኩል አክስቶቼን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ነርቭ፣ ጨጓራ፣ የአክስቴ ነገር፣ እብጠት ግን የለም። በሳምንቱ መጨረሻ ሱሉልታ ወጣሁ።

የሱሉልታ ብርድ ሥራውን የሚጀምረው ከታክሲ ሳይወርዱ ነው። አማቴ በረት በር ላይ ቆመው ከወተት ሰብሳቢው ጋር ይነታረኩ ነበር። ቤቱ በሰርግ ዝግጅት ተወጥሯል፤ የመጨረሻ ልጃቸው፣ የባለቤቴ ታናሽ እህት፣ ቡራዩ ድንጋይ በአይሱዙ ለሚያመላልስ ልጅ ታጭታ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ጥያቄውም ተጠይቆ፣ መልሱም ከሁለቱም ወገን ተሰጥቶ አልቋል።

«እማማ» አልኳቸው ከተቀመጥን በኋላ፣ «አንቱ ከወለዷቸው ወይም ከወንድም ከእህቶችዎ፣ በልጅነቱ አንገቱ ያበጠ ሰው ነበር?»

ፊታቸው ወዲያው ተዘጋ። «ሂንጂሩ! የለም! ማነው የጠየቀሽ?»

«ሐኪሟ ናት።»

«ሐኪም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽማግሌ የሆነው?»

«እማማ፣ ልጅቷን ሊከፍቷት ነው እኮ።»

«አትስጪያቸዋ! ስታድግ ይጠፋል አላልኩሽም?» ብለው ተነሡና የማይፈልጉትን ዕቃ ፍለጋ ጓዳ ገቡ። የባለቤቴ እህት ጥግ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሻርፗን እንደ ሁልጊዜው እስከ አገጯ ጠምጥማለች። የሱሉልታ ሰው ሁሉ ሻርፕ ይጠመጥማል፤ እኔም ከብርዱ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

የሚከተለው እሁድ ሰበታ መጣች፣ ለልብሷ። ቬሎዋን እንድሰፋላት የጠየቀችኝ ከዚያ በፊት ነው። ሰው ተከራይቶ በሚያገባበት ዘመን ለምን ማሰፋት እንደፈለገች ስጠይቃት፣ «የኪራዮቹ ሁሉ አንገታቸው ክፍት ነው» ብላኝ ነበር። ኮሌታው እስከ መንጋጋዋ እንዲዘጋ ትፈልጋለች። «መነኩሲት ነው የምትሆኚው ሙሽራ?» ብዬ ቀልጄባታለሁ።

ሱቁን ዘግቼ ልኳን መውሰድ ጀመርኩ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። አንገቷ ላይ ስደርስ «እትዬ፣ እሱን በግምት አድርጊው» አለችኝ።

«በግምት የሚሰፋ ኮሌታ ወይ ያንቃል ወይ ይዘረፈጣል። ሻርፑን አውጪ።»

«ይበርደኛል።»

«ሰበታ ነሽ እኮ፣ ምን ይበርድሻል!» ብዬ እየሳቅኩ ሻርፑን ሳብኩት።

ከመንጋጋዋ በታች፣ በሁለቱም በኩል፣ ክብ ክብ ጠባሳዎች ተደርድረዋል። ጣቴ ሄዶ ዳበሳቸው፤ የማዝዘውም አልመሰለኝም። ልጄ አንገት ላይ በየጠዋቱ የምዳብሳቸው እብጠቶች ያሉበት ቦታ ነው። በመስመሩም፣ በርቀቱም ያው።

«የፈላ ወተት ፈሶብኝ ነው» አለች ቶሎ ብላ። ባለቤቴም ስለ እህቱ አንገት የሚያውቀው ይህንኑ እንደሆነ ኋላ ነግሮኛል፤ እሷ ልጅ ሳለች እሱ አዲስ አበባ አጎቱ ቤት ይማር ነበር።

«ወተት ሲፈስ ይወርዳል እንጂ እንደ ቁልፍ ተራ በተራ አይደረደርም» አልኳት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እያለቀሰች ሳይሆን፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሆና ነገረችኝ። ልጅ ሆና አንገቷ ያብጥ ነበር፤ ሆዷም። ልጆች ነፍሰ ጡር እያሉ ይቀልዱባታል። አንድ የሚተኩስ ሰው ከሩቅ መጣና እብጠቶቹን በጋለ ብረት አንድ በአንድ ተኮሳቸው። እግሯን የያዙት እናቷ ናቸው። እብጠቱ ግን አልጠፋም፤ ኮረዳ ስትሆን ነው በራሱ እየሟሸሸ የሄደው። የቀረው የብረቱ ጠባሳ ነው። አማቴ «ስታድግ ይጠፋል» የሚሉት ከየት አምጥተው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሁሉንም ያውቁ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት አሁን ስጽፈው እንኳ እጄን ያሞቀዋል።

«ነገ ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን» አልኳት።

«እትዬ፣ ከሰርጉ በኋላ። እሺ? ከሰርጉ በኋላ የፈለግሽበት እሄዳለሁ።»

«ቀዶ ጥገናው ከሰርጉ በፊት ነው!»

«ሽማግሌዎቹ የለም ተብለው ነው የሄዱት። አሁን ሆስፒታል ገብቼ በዘር የሚመጣ በሽታ አለብኝ ብባል፣ እናቴ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?»

«ጣፊያ ከሰርግ በኋላ ተመልሶ አይሰፋም» አልኳት። «እኔ የምሰፋው ልብስ ብቻ ነው።»

ሻርፗን ጠምጥማ ወጣች። በማግሥቱ ለሐኪሟ ደወልኩ። የሰማሁትን ነገርኳት፤ አዳመጠችኝና «እናት፣ በወሬ አላስቆመውም» አለች። «ላያት፣ ልመረምራትና ደሟን ልወስድ ይገባል።» ለባለቤቴ ስነግረው ሳህኑን ገፍቶ ተነሣና ግቢ ውስጥ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ «ወተት ነው ያሉኝ» ብቻ አለ። ለእህቱ ሲደውል አላነሣችለትም።

አማቴ ግን ሳይጠሩ መጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ታክሲ ቀያይረው ሰበታ ድረስ ብቻቸውን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሱቄ በር ላይ ቆመው ለሰላምታ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም።

«ያለሽ ሴት ልጅ ናት» አሉኝ። «ዛሬ በዘሯ አለ ብለሽ ታወሪያለሽ። ነገ ሽማግሌ ሲመጣባት ምን ልትዪ ነው? ለእኔ ልጅ ብቻ መሰለሽ የማስበው?»

«እማማ፣ ሽማግሌ እስኪመጣባት መኖር አለባት።»

ልጄ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ብቅ ብላ «አያቴ!» ብላ ተጠመጠመችባቸው። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ አንገቷ ሄደ፤ አሹላት። ከዚያ ያንኑ «ስታድግ ይጠፋል» የሚለውን አሉ፤ ግን በዚህ ጊዜ እንደ ቀድሞው ረግተው አልነበረም። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። እልከኛነታቸውን ብዙ ረግሜዋለሁ፤ ያን ቀን ግን መንገዱን ሲሻገሩ ከኋላቸው አይቼ አሳዘኑኝ። የልጃቸውን እግር የያዙት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እኔም የራሴን ልጅ እጅ ለመርፌ ስንት ጊዜ ይዣለሁ።

ለቀዶ ጥገናው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አቧራ የጠጣ አይሱዙ ሱቄ ደጃፍ ቆመ። ለሲሚንቶ ጭነት የሚያልፍ መስሎኝ ቀና አላልኩም። በሩን ከፍታ የገባችው የባለቤቴ እህት ናት፤ ሻርፕ የላትም። ከኋላዋ እጮኛዋ ገባ። ጠብደል፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው፤ ያንን መኪና በእጁ እንደሚነዳ ባላውቅ ከእናቱ ተደብቆ የመጣ ነበር የሚመስለው።

«ነገርኩት» አለችኝ።

እኔ እሱን አየሁት። እሱ የዩኒፎርም ጨርቁን አየ።

«ሁለት ቀን ስልኬን አላነሣም ነበር» አለች፤ ጥፋቱን ለመምህር እንደምትናገር ተማሪ ወደ እሱ እየጠቆመች።

«ገደል አፋፍ ነበር የምሠራው፤ ኔትወርክ የለም» አለ። ከዚያ ራሱን አከከ። «ማለቴ... ኔትወርክም ነበር። ሳስብ ነው የቆየሁት፣ እትዬ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእኛ ሽማግሌዎች ለእናንተ የለም ሲሉ፣ አባቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር አይደል?»

«አንድ እግሩ የተቆረጠው? ሚስማር ወግቶት?»

«ሚስማር አይደለም። ስኳር ነው። አያቴም በስኳር ነው የሞተው፣ ሁለቱ አጎቶቼም አለባቸው። ሚስማር የተባለው ለሽማግሌ ነው።»

ሳቄ መጣ። ልጄ ሊከፍቷት ቀናት በቀሩበት፣ ከክርና ከጨርቅ መሃል ቆሜ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። እሱ መሳቁ ይፈቀድ አይፈቀድ እያየን ቆየና ተከተለን። እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች፣ በዚያ ሁሉ ነጭ ጋቢ፣ ሚስማርና የፈላ ወተት ተለዋውጠው ነው የተመራረቁት።

አይሱዙ በቀን አዲስ አበባ አይገባም። ሱቄ ደጃፍ አቁሞት ሦስታችንም በታክሲ ሄድን። ሐኪሟ የባለቤቴን እህት አንገት በብርሃን አየች፣ ሆዷን ነካካች፣ ስለ ልጅነቷ ብዙ ጠየቀቻትና ደሟን ቀዳች። ባለቤቴም ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ክንዱን ሰጠ። ሐኪሟ ወደ ቀዶ ሐኪሞቹ ክፍል ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፈገግ አላለችም፤ ፈገግ የምትል ሰው አይደለችም።

«አቁመነዋል» አለችኝ። «ናሙናውን እንልካለን። እስከዚያ ሌላ መድኃኒት እጀምርላታለሁ።»

የባለቤቴ እህት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ማታ ላይ አማቴ ደወሉ። «ከፈቷት?» አሉ። «አልከፈቷትም፣ እማማ» አልኳቸው። ረጅም ትንፋሽ ለቀው ስልኩን ዘጉት።

ውጤቱ ከሰርጉ በኋላ መጣ፤ ሐኪሟ እንዳለችው ነው። ባለቤቴም በደሙ ይዞታል፣ ምንም እንኳ በሕይወቱ አንድ ቀን አንገቱ አብጦ ባያውቅም። አንዳንዱ ላይ ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ይተኛል አለችን። ልጄ አሁን በየቀኑ መድኃኒት ትወስዳለች፣ በየጊዜው ደሟ ይታያል፣ ሆዷ እንዳይመታ ኳስና ዛፍ ላይ መውጣት ተከልክላለች። ዛፉን ግን አልተወችም። የአንገቷ እጢ አንዳንድ ወር ያብጣል፣ አንዳንድ ወር ይቀንሳል። ዩኒፎርሟን ያለ ላይኛው ቁልፍ እሰፋላታለሁ። ነስሩ ቆሟል። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም፤ ትኩሳት በነካት ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ግን ጣፊያዋ ሆዷ ውስጥ ነው።

ሰርጉ ሱሉልታ ነበር። ሙሽራዋ ለመጨረሻ ልኬት ስትመጣ መስታወት ፊት ቆማ ያንን እስከ አገጭ የሚደርስ ኮሌታ በጣቷ ሳብ አደረገችው።

«እትዬ፣ ቁረጪው» አለችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ? ከተቆረጠ አይቀጠልም።»

«ቁረጪው።»

ቆረጥኩት። በተረፈው ጨርቅ ለልጄ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ አበባ ያዥ ነበረች። የእሷንም አንገት ክፍት አደረግሁት።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥኩት ከሙሽራው ወገን ሴቶች ጋር ነው። አማቴ በነጭ ቀሚሳቸው በየገበታው እየዞሩ እንግዳ ያጎርሱ ነበር። ልጄ አበባዋን ጥላ እየሮጠች መጣችና ጭኔ ላይ ተደፋች። አጠገቤ ያሉት ትልቅ የወርቅ ጉትቻ ያደረጉ ሴት፣ የሙሽራው አክስት መሆናቸው ነው፣ ቁራሻቸውን አፋቸው ጋ አቁመው አንገቷን አዩት።

«ምነው ልጅቷ? ጆሮ ደግፍ ነው?»

የከረሜላውን መልስ ላወጣ አፌን ስከፍት፣ አማቴ ከኋላችን ደርሰው ኖሯል። እጃቸው ላይ ጉርሻ እንደያዙ ቆሙ። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ የሚሰሙበት ቦታ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ጆሮ ደግፍ አይደለም» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «በዘራችን ያለ ነው። ጂራ። አለ። የሙሽራዋም አንገት እንዲህ ነበር፤ እዩት፣ ያው ተቀምጣለች።»

ሴትየዋ ወደ ሙሽራዋ ዞሩ፣ ክፍቱን አንገት ቆየት ብለው አዩትና «እህ» አሉ። ከዚያ ወደ ገበታቸው ተመለሱ። አማቴ የያዙትን ጉርሻ ለልጄ አጎረሷትና፣ በቅቤ የወዛ እጃቸው አንገቷን አንዴ አሽተው ወደሚቀጥለው ገበታ አለፉ።